መሻል መዳን አይደለም

አንባቢ ሆይ! ታላቅ ወንድሜ በመርካቶ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። ራስ ምታት ጸንቶበት ቢመረመር፣ በአንጎሉ ውስጥ ደም ቅዳና ደም መልስ፣ በመካከላቸው ሊኖሩ የሚገባቸው ቀጫጭን የደም ሥሮች ሳይኖሩ፣ እንደ ተወሳሰበ ክር ተጠላልፈው ተገኙ። እንዲህ ያለው ጥልፍልፍ ከፈነዳ ደም በአንጎል ውስጥ ይፈስሳል። ስለዚህ ውጭ አገር ሄዶ በጨረር ታከመ፤ ጨረሩ ግን ጥልፍልፉን የሚዘጋው ቀስ በቀስ፣ በ2 ወይም በ3 ዓመት ነው።

ከወራት በኋላ በጨረሩ ሳቢያ አንጎሉ አበጠ። ሐኪሙም እብጠት የሚያበርድ ዴክሳሜታሶን የተባለ ስቴሮይድ አዘዘለት። በጥቂት ቀናት ራስ ምታቱ ለቀቀው። ወር ሲሞላው እኔ በድፍረት፣ «ጋሼ፣ ከተሻለህ መድኃኒቱን ተወው» አልሁት፤ ተወው። በሦስተኛው ቀን ከሱቁ ደጃፍ ተዝለፍልፎ ወደቀ።

ለካስ ይህ መድኃኒት ለሳምንታት ሲወሰድ፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች የራሳቸውን ሆርሞን ማመንጨት ይተዋሉ። ስለዚህ በሐኪም ትእዛዝ መጠኑ ቀስ በቀስ ይቀነሳል እንጂ በአንድ ጊዜ አይቋረጥም። ደግሞም እብጠቱን አበረደ እንጂ ጥልፍልፉን አልፈታም ነበር።

ወንድሜ በሐኪሞች ርዳታ ተረፈ። እኔም ከዚያ ወዲህ የማላውቀውን አልመክርም። አንተም የሕመምን መቅለል ከመዳን ለይተህ እወቅ።