ዳንቴል የለበሰው ምጣድ

ለ2015 ገና ደብረ ብርሃን ቤተሰብ ጋ ስገባ፣ እንቁጣጣሽ ላይ ለእናቴ የገዛሁላት የኤሌክትሪክ ምጣድ ሳሎኑ ጥግ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ከክዳኑ እስከ እግሩ ነጭ ዳንቴል ለብሷል። አጠገቡ የፕላስቲክ አበባ አለ። ላላወቀው ሰው የሆነ የቤት ጌጥ ነው የሚመስለው።

«እማዬ፣ አትጋግሪበትም እንዴ?» አልኳት።

«እጋግርበታለሁ እንጂ! እንዳይበላሽብኝ ብዬ ነው የሸፈንኩት» አለችኝ።

ከጓሮ ግን የኩበት ጭስ ይሸተኝ ነበር። ማድ ቤት ገብቼ ሳይ ጉልቻው ላይ ያው የድሮው የሸክላ ምጣድ ተጥዷል፤ ከሥሩ ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ይነዳል። ምንም አልተናገርኩም። እሷም አልተናገረችም። በዓል ነው፤ በበዓል ቀን ማን ይጨቃጨቃል።

ምጣዱን የገዛሁት በጭሱ ምክንያት ነበር። እናቴ ስትጋግር ዓይኗ ያለቅሳል። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው፤ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ አንዱን ዓይኗን ታብሳለች፣ በሌላው እጇ ሊጥ ታዞራለች። ሥራ ይዤ ደመወዜ ትንሽ ከፍ ሲል መጀመሪያ ያሰብኩት ይህንን ነው። ከመርካቶ ገዛሁት፤ ሸክላው እንዳይሰነጠቅ ብዬ 130 ኪሎ ሜትሩን በሙሉ አውቶቡስ ውስጥ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሄድኩ። ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አየው። «ተባረክ»፣ «ልጅ ማለት እንዲህ ነው» ተባለ። ፎቶ አነሳሁ። በማግስቱ ሥራ ስላለኝ ተመለስኩ።

በቤታችን የበዓል ስጦታ ይህን ያህል ታስቦበት አያውቅም እኮ። አምስት ሊትር ዘይት፣ ስኳር፣ ቡና፣ ከተቻለ ዶሮ። ባዶ እጅ ላለመግባት ነው እንጂ ለማስደነቅ አይደለም። ሌላው የተለመደ ስጦታ ብርድ ልብስ ነው። ደብረ ብርሃን እንግዲህ ብርድ ልብስ ራሱ የሚመረትባት ከተማ ናት፤ እኛ ግን ከአዲስ አበባ ተሸክመን እንወስዳለን። የእናቴ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ያልተፈቱ አራት ብርድ ልብሶች አሉ። ስለዚህ በምጣዱ ልቤ አብጦ ነበር፤ ከብርድ ልብስ አምጪዎቹ ተሽዬ።

እውነቱን የነገረችኝ እህቴ ናት፣ የገና ዕለት ማታ፣ ሱቅ አድርሰኝ ብላ ካስወጣችኝ በኋላ።

ቤታችንና የጎረቤታችን ቤት አንድ ቆጣሪ ነው የሚጠቀሙት። ቆጣሪው ያለው እነሱ ግድግዳ ላይ ነው፤ ወደ እኛ የሚመጣው ገመድም በእነሱ ግድግዳ ላይ አልፎ ነው። እኔ ከሄድኩ በኋላ እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ምጣዱን ስትሰካው ብሬከሩ ወደቀ። አነሱት። ሦስት እንጀራ ሳትጋግር እንደገና ወደቀ። አንድ የሰፈር ልጅ መጣና «ብሬከሩ ትንሽ ስለሆነ ነው» ብሎ በትልቅ ቀየረላቸው። እውነትም ከዚያ በኋላ አልወደቀም። ለመስቀል ስትጋግር ግን ገመዱ መጋጠሚያው ላይ ቀለጠ። የጎረቤታችን ግድግዳ ጠቆረ፤ ሁለቱም ቤት ሁለት ሌሊት ጨለማ ውስጥ አደሩ፤ የበዓል ዋዜማ ላይ።

ጎረቤታችን ብዙ አልተቆጣችም አሉ። አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችው፦ «ልጅሽ ኢንጂነር ነው አይደል?»

ሃያ ዓመት አብረው ቡና ሲጠጡ የኖሩ ሴቶች ናቸው። እኔን ትምህርት ቤት ያደረሰችኝ፣ እናቴ ታማ የተኛች ጊዜ ሽሮ የሠራችልን እሷ ናት። ከመስቀል እስከ ገና አንድ ቀን እንኳ ቡና አልተጠራሩም። ለገመዱ ማሠሪያ እናቴ የእቁቧን ብር አወጣች። ለእኔ እንዳይነገር ደግሞ እህቴን አስምላታለች። «ልጁ ይከፋዋል» ብላ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዛሬ ኮድ ብጽፍም የተማርኩት የኤሌክትሪክ ምህንድስና ነው። ሒሳቡ ደግሞ የአንደኛ ዓመት ተማሪ የሚሠራው ነው። እንዲህ ዓይነት ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይወስዳል። ለ220 ቮልት ስታካፍለው ወደ 16 አምፒር ይመጣል። አምፖል፣ ቴሌቪዥንና የስልክ ቻርጀር ብቻ ሲሸከም ለኖረ፣ አንዱ ላይ አንዱ እየተቀጠለ ለመጣ ቀጭን ገመድ ይህ ሸክም ነው። ገመድ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ እጥፍ አይደለም የሚሆነው፤ አራት እጥፍ ነው። ሙቀቱ ደግሞ መጀመሪያ የሚበላው መጋጠሚያውን ነው። ብሬከር የሚወድቀውም እናቶችን ለማስቸገር አይደለም፤ ገመዱ እንዳይነድ ነው። እሱን በትልቅ መቀየር የሚጮህን ውሻ አፉን እንደ ማሰር ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ፈተና ላይ ተጠይቄው መልሻለሁ። ምጣዱን ስገዛ ግን ያየሁት ቀለሙንና የክዳኑን ጥራት ነበር፤ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለውን ገመድ ቀና ብዬ አላየሁም። ያደግኩበት ቤት እኮ ነው።

እኛ ጋ ደግሞ ስጦታ ተቀባይ ቅሬታ አያቀርብም። «ምን አስቸገረህ» ይላል፣ ይመርቃል፣ በቃ። ጫማው ቢጠብም፣ ምጣዱ ቤት ቢያቃጥልም ሰጪው አይሰማም። መሥሪያ ቤት አንድ ነገር ሠርተን ስናወጣ ተጠቃሚው በሰዓቱ ይሰድበናል፤ እንሰማለን፣ እናስተካክላለን። እናቴ ግን ዳንቴል አለበሰችው። ዳንቴሉ ስድቡ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

«ታዲያ አስቀድሞ መጠየቅ ነዋ» ትሉ ይሆናል። እስቲ እናታችሁን «ለበዓል ምን ላምጣልሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። «አንተ ብቻ በደህና ና» ነው መልሱ። ሌላ መልስ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ያን ጊዜ ፈቃድ አስረዝሜ ሦስት ቀን ተቀመጥኩና እንዲሁ ማየት ጀመርኩ። እናቴ ውሃ በሃያ ሊትር ጀሪካን ነው የምትቀዳው፣ ግን ግማሽ ድረስ ብቻ ነው የምትሞላው፤ ወገቧ ስለማይችል ሁለት ጊዜ ትመላለሳለች። ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ለኪዳን ስትወጣ መንገዱን የምታየው በስልኳ መብራት ነው፤ ስልኩ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሳትደርስ ይጠፋል። በእነዚህ ሦስት ቀናት ከሰው የተዋሰችው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ መዶሻና ወንፊት። ወንፊቱን የተዋሰችው ራቅ ካለ ቤት ነው። ድሮ ከጎረቤታችን ነበር የምትዋሰው።

አሁን ለማንም ሰው ስጦታ ላስብ ስል መጀመሪያ የማስበው ይህንን ነው፦ ይህ ሰው ሰሞኑን ከሰው ምን ተዋሰ? ምን ጎደለህ ብትለው አይነግርህም፤ የሚዋሰው ነገር ግን ይናገራል። (ወንፊት፣ አስር ሊትር ጀሪካንና የእጅ ባትሪ ከነድንጋዩ፣ ሦስቱም ተደምረው የአንድ ብርድ ልብስ ዋጋ አልሞሉም።)

ምጣዱ ግን ቀርቷል። የራሳችንን ቆጣሪ ማስገባት ጊዜ የሚወስድ ነገር ሆነ። ስለዚህ ለፋሲካ አንድ ጥቅል ባለ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ፣ አንድ ብሬከር፣ አንድ ጥሩ ሶኬት ይዤ ሄድኩ። በፌስታል። ማንም «ተባረክ» አላለኝም፤ አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ «ኤሌክትሪሻን ነህ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። እማዬ ራሷ ገመዱን አይታ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለች።

ከመጀመሬ በፊት ግን ግድግዳው የሰው ነው። ጎረቤታችን ጋ ብቻዬን ሄድኩ። ቡናና ስኳር ይዤ ነበር፤ በሩ ላይ ቆሜ ሳስበው ግን እጄ ላይ ያለው ነገር የጉቦ መሰለኝና አፈርኩ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው። «እማዬ ምንም አታውቅም። ገመዱ እንደማይችል ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ የጠቆረውን ግድግዳ በአገጫቸው አሳዩኝ። «ይሄንንም ትቀባዋለህ» አሉ።

ቀባሁት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ገመዱን ከአንድ ባለሙያ ጋር ለመዘርጋት ግን ግማሽ ቀን በቃን። ከቆጣሪው ተነስቶ ያለ አንድ መጋጠሚያ ማድ ቤት የሚገባ፣ የራሱ ብሬከር ያለው መስመር። የገመዱና የሠራተኛው ወጪ ከምጣዱ ዋጋ ብዙም አይተናነስም። ጎረቤታችን ሥራውን ቆመው ተቆጣጠሩ። ሒሳቡ ላይም ተደራደርን፤ ከዚህ በኋላ ቆጣሪው ላይ የሚጨምረውን እኛ እንከፍላለን፤ እሳቸው ልብስ በሚተኩሱበት ሰዓት እማዬ አትጋግርም፤ እሳቸውም ሲፈልጉ ሊጣቸውን ይዘው መጥተው ይጋግራሉ። የመጨረሻውን ያመጡት ራሳቸው ናቸው።

ቅዳሜ፣ የፋሲካ ዋዜማ፣ እማዬ ዳንቴሉን አነሳችና አጥፋ አስቀመጠችው። ምጣዱ እስኪግል ጠበቅን። እኔ እጄን ገመዱ ላይ አድርጌ ነበር፤ እንደ ሐኪም። ቀዝቃዛ ነው። በጎመን ዘር አሰሰች፣ ሊጡን ከዳር ጀምራ አዞረች፣ ከደነች። ማድ ቤቱ ውስጥ ምንም ጭስ የለም። እሷ ግን የነጠላዋን ጫፍ አንስታ ዓይኗን አበሰች፤ ለረጅም ዓመት የለመደ እጅ ነው መሰለኝ። ራሷ ሳቀች።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ሊጣቸውን በባልዲ ይዘው መጡ። ጋገሩ። ቡና ተፈልቶ «ቁጭ በይ እንጂ» ስትላቸው ግን ዶሮው ገና ነው ብለው ሄዱ። እህቴ ቅር አላት። እማዬ ሁለተኛውን ስኒ መልሳ ረከቦቱ ላይ አስቀመጠች፤ «ቀስ ነው» አለች። በኋላ ስትነግረኝ፣ ከዳግም ትንሣኤ ወዲያ ነው ተቀምጠው የጠጡት፤ ያውም አንደኛውን ብቻ።

ሰኞ ልመለስ ስል እማዬ አንድ ትልቅ ፌስታል አስያዘችኝ። «አዲስ አበባም ሌሊቱ ይበርዳል አሉ» አለችኝ። መናኸሪያ ደርሼ ከፍቼ ሳየው ብርድ ልብስ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት እኔው ያመጣሁላት። የዋጋው ወረቀት እንኳ ገና አልተነሳለትም።