«ተቀበል» ያለው ማን ነው?

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በመራዊና በወተት ዓባይ በኩል ወደ ዳንግላ የሚወስደው መንገድ ዱርቤቴን አቋርጦ ያልፋል። ዱርቤቴ የደቡብ አቸፈር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዙሪያዋ በቆሎና ዳጉሳ፣ ጤፍም ይመረታል፤ እህሉ ጎተራ ገብቶ ጥር ሲጠባ ሠርግ ይደራል፤ ሠርግ ባለበትም አዝማሪ አይታጣም። በ2015 ዓ.ም. ጥር፣ በአንድ ዳስ ውስጥ ማሲንቆ ይመቱ የነበሩ አዛውንት ከዚያች ሌሊት በኋላ የገጠማቸው ነገር፣ ሙዚቃንና ማኅበራዊ መገናኛን አጠናለሁ ለሚል ሰው ሁሉ ብዙ የሚያስተምር ነው።

አዝማሪው እንደ ደንቡ ሙሽራውን አወደሱ፤ ሚዜዎቹን አሞገሱ፤ ከታዳሚው መካከልም አንድ ጎልማሳ ገበሬ ስለ ቆጣቢነቱ ነካ አደረጉት። የተነካውም ሰው ሥቆ ተነሣና «ተቀበል!» በማለት መልሱን በግጥም ሰጠ። አዝማሪውም ተቀብለው አዜሙለት፤ እርሱም ብር አውጥቶ በግንባራቸው ላይ ለጠፈላቸው። ቀልዱ በዚሁ ተዘጋ። ነገር ግን በስልኩ ይቀርጽ የነበረ አንድ ወጣት ነቀፋውን ብቻ አስቀርቶ መልሱን ቆርጦ ጣለው።

ቁራጩ ዘፈን ጫኞች ሱቅ ገብቶ ከሚሞሪ ወደ ሚሞሪ ተገለበጠ፤ ውሎ አድሮም ያለ አዝማሪው ስም በዩቲዩብ ወጣ። አዛውንቱ ለሥራ ወደ ቡሬ በሄዱ ጊዜ የገዛ ድምፃቸውን ከባጃጅ ውስጥ ሰሙ። «ይህ የኔ ነው» ቢሉት ባለባጃጁ ሥቆባቸው አለፈ። በመንደሩ ግን የሚሥቅ አልነበረም። ያ ገበሬ በማያውቀው ሰው ሁሉ ፊት ንፉግ ተብሎ ቀርቷልና አዝማሪውን ተቀየማቸው፤ ነገሩም በሽማግሌ እስከ መታየት ደረሰ።

የማሲንቆ ጥናት እንግዳ ነገር አይደለም። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራች አሸናፊ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን አቀረቡ። ሲንቲያ ኪምበርሊንም እ.ኤ.አ. በ1976 በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ስለ ማሲንቆና ስለ ቅኝት ጻፉ። ከእነርሱ በኋላ ጃፓናዊው ተመራማሪ ኢትሱሺ ካዋሴ በጎንደር የአዝማሪ ልጆችንና በማለዳ በየደጁ እያዜሙ የሚመርቁትን ላሊበላዎች በፊልም አነሡ፤ ፊልሞቹም በተመልካቾች መካከል ክርክር አስነሡ። በእነዚያ ዓመታት መቅረጫው በአብዛኛው በተመራማሪው እጅ ስለ ነበረ ተጠያቂው ይታወቅ ነበር። ዛሬ መቅረጫው በሠርገኛው ኪስ ውስጥ ነው፤ ተጠያቂው ግን አይታወቅም።

የጥናት ወጪው የተሸፈነለት አንድ ወጣት የዶክትሬት ተማሪ ወደ ዱርቤቴ የመጣው ይህንኑ ሊመረምር ነበር። የተመልካቹን ብዛት መዝግቧል፤ በቪዲዮው ሥር የሰፈረውንም አስተያየት በየወሩ ቆጥሯል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየበት ጊዜ ከአካባቢው የሚጻፈው አስተያየት ስለ ጠፋ፣ ተማሪው በማስታወሻው ላይ «በዚህ ወቅት ዘፈኑ በአገሩ አልተደመጠም» ብሎ አስፍሮ ነበር።

«አያ፣ ዘፈንዎን ስንት ሰው እንዳየው ያውቃሉ?» ብሎ ቁጥሩን ነገራቸው።

አዛውንቱ የማሲንቷቸውን ደጋን በዕጣን እያሹ ጥቂት ዝም አሉ። «ልጄ፣ የሰማኝን ቆጥረህ መጣህ። የመለሰልኝንስ ቆጠርኸው?» አሉት። «ተቀበል ያለኝን ሰው ቆርጠው ጣሉት። እሱ ከሌለ የኔ ነገር ስድብ ነው።»

ተማሪው ኢንተርኔት ስላልነበረበት ክረምት ጠየቃቸው።

«ያን ጊዜማ ይብሱን ተሰማ እንጂ! ሰዉ በስልኩ ሌላ የሚያየው ምን ነበረው? ሚሞሪውን ደጋግሞ ያዳምጥ ነበር።»

ተማሪው ያንን ዓረፍተ ነገር በዚያው ሰዓት ሰረዘው።

ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር ቀላል አይደለም። ትዝታን ከባቲ፣ አምባሰልን ከአንቺሆዬ የሚለየው ቅኝት በመሣሪያ ሊለካ ይችላል። የአዝማሪ ጥበብ ግን በአንድ ሰው አፍ ብቻ የሚፈጸም አይደለም፤ ሰሙን የሚያቀርበው አንዱ ሲሆን ወርቁን አውቆ መልስ የሚሰጠው ሌላው ነው። አድማጩ የሥራው ተካፋይ ነው። በስልክ የተበተነው ቁራጭ ብዙ አድማጭ ቢያገኝም ተካፋዩን ያጣል። በውጭ አገር የሚኖረው ሰው ከቪዲዮው ሥር ናፍቆቱን ይጽፋል፤ ጽሑፉ ግን ዱርቤቴ ያሉት አዛውንት ዘንድ አይደርስም። እንግዲህ ጥፋቱ የስልኩ ሳይሆን መልሱን ከጥያቄው የሚለየው እጅ ነው።

ሕግም ቢሆን ያለ ስም አይሠራም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኙን መብት ያውቃል፤ ነገር ግን ስሙ ያልተጻፈ ከዋኝ መብቱን በየት በኩል ይጠይቃል? ስለዚህ የተመራማሪው የመጀመሪያ ሥራ ከቁጥር በፊት ስምን መመዝገብ ነው፦ ማን ዘፈነ፣ ማን ግጥም ሰጠ፣ ማን ቀረጸ፣ ማን ቆረጠ። መምህሩም ሆነ የባህል ሠራተኛው ዶክትሬት ሳይጠብቅ በየሠርጉ ይህንኑ ሊያደርግ ይችላል።

ተማሪው ወደ ገበሬው ቤት ሄዶ የተቆረጠውን መልስ አስነግሮ ጻፈ። በመጨረሻም ሁለቱን በሽማግሌዎች ፊት አንድ ላይ አስቀምጦ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቆ ዘፈኑን ከነመልሱ ቀረጸ። ገበሬው «ተቀበል!» ባለ ጊዜ አዛውንቱ ቀና ብለው አዩት፤ ሁለቱም ሣቁ። ቅጂው በሚሞሪ ተጭኖ ለየራሳቸው ተሰጣቸው። በዩቲዩብ ይውጣ ወይስ አይውጣ በሚለው ላይ ግን ገና አልተስማሙም፤ ተማሪውም ውሳኔያቸውን ይጠብቃል።