የእናንተ ልጅ የትኛው ነው?

ሰሞኑን ኔትወርኩም እኔም ጠፍተን ነበር። ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፤ ቡና ያፈላችሁ ከሁለተኛው ስኒ ጋር አንብቡት።

ነገሩ የተነሳው ከአንድ የድሮ ተማሪዬ መልእክት ነው። ልጁ አሜሪካ ከገባ ሦስት ዓመት ሆኖታል። «ቲቸር፣ እዚህ ሰው ኳስ መውደድ ጀምሯል። የሜሲን ሮዝ ማሊያ በየመንገዱ ነው የማየው። ግን የእውነት ወደውት ነው ወይስ ፋሽን ሆኖባቸው? እርስዎ ምን ይላሉ?» አለኝ።

አዲስ አበባን ሁለቴ ብቻ ያየሁ ሰው ስለ አሜሪካ ምን ብዬ ልመልስ? ስቄ አለፍኩት። ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። ይሄንኑ ጥያቄ ዱስ ላይ አንድ ሽማግሌ ጠይቀውኝ ነበርና።

ዱስን ለማታውቁ፦ ከቱርሚ ወደ ኦሞ ወንዝ ስትወርዱ የምታገኟት የካራ መንደር ናት። የማስተማር ሥራዬን እዚያ አካባቢ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ታኅሣሥ 9 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ምሽት 12 ሰዓት፣ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ነበር፤ አርጀንቲናና ፈረንሳይ። አንድ ባለሱቅ በሶላር የምትሠራ ትንሽ ቴሌቪዥን ደጅ አወጣልን። አርባ የምንሆን ሰዎች መሬት ላይ ተቀምጠን አየን። ሜሲ ሁለት፣ ምባፔ ሦስት፣ 3 ለ 3፣ ከዚያ ፍጹም ቅጣት ምት። እኔ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮኼያለሁ።

አንድ ሽማግሌ ቦርኮቷቸው ላይ ተቀምጠው ከቴሌቪዥኑ ይልቅ እኛን ያያሉ። ቆይተው በአንድ ተማሪዬ አስተርጓሚነት ጠየቁኝ፦ «ከሚሮጡት ውስጥ የእናንተ ልጅ የትኛው ነው?»

«የለም» አልኳቸው።

«ዘመድስ?»

«እሱም የለም።»

«ታዲያ ማን ሞቶባችሁ ነው እንዲህ የምትጮሁት?»

ሁላችንም በሳቅ ፈነዳን። እሳቸው ግን አልሳቁም። ቦርኮቷቸውን አንስተው ሄዱ፤ ሜሲ ዋንጫውን ሲያነሳ ተኝተው ነበር ማለት ነው።

ያን ጊዜ «ኳስ አያውቁም» ብዬ ነው ያለፍኩት። አሁን ሳስበው ግን ከእኛ ሁሉ የተሻለ ጥያቄ የጠየቁት እሳቸው ናቸው። የአሜሪካውን ጉዳይ ራሱ በእሳቸው ጥያቄ ብትመዝኑት ይገባችኋል።

እስቲ እንየው። አሜሪካ የዓለም ዋንጫን እ.ኤ.አ. በ1994 አዘጋጅታለች። በ52 ጨዋታ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ሰው ስታዲየም ገብቷል፤ በአማካይ ለአንድ ጨዋታ ወደ 69 ሺህ። ከዚያ በኋላ ጨዋታው 64 ሆኖ እንኳ እስከ ኳታር ድረስ ያንን ድምር የደረሰበት አገር የለም። በዚህ ቁጥር ከሄድን አሜሪካኖች ገና ድሮ ኳስ ወደዋል ማለት ነው። ግን የራሳቸው ሊግ የጀመረው ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው፤ ለረጅም ጊዜም ዞር ብሎ ያየው ሰው ጥቂት ነበር። ሕፃናቱ በየሜዳው ይጫወታሉ፤ ወላጆቹ ማታ ቤት ገብተው የሚያዩት ግን የራሳቸውን፣ በእጅ የሚያዘውን «ፉትቦል» ነው። የዚያ የዓመቱ ፍጻሜ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተመልካች ያገኛል።

አሁን የሽማግሌውን ጥያቄ አምጡት። እ.ኤ.አ. በ2015 የሴቶች ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ አሜሪካ ጃፓንን 5 ለ 2 ስትረታ ከ25 ሚሊዮን በላይ አሜሪካዊ በእንግሊዝኛው ቻናል ተመልክቷል። እኛ ዱስ ላይ የጮኽንለትን የሜሲና የምባፔ ፍጻሜ ደግሞ በእንግሊዝኛው ቻናል ያየው ወደ 17 ሚሊዮን ነው። የሜሲ ጨዋታ ከዚያኛው አንሶ አይደለም እኮ! በ2015ቱ ሜዳ ላይ የነበሩት የራሳቸው ልጆች ስለሆኑ ነው። ያንኑ የኳታር ፍጻሜ በስፓኒሽ ቻናል ያዩ ሌሎች ወደ 9 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች አሉ። እነዚህ አብዛኞቹ ከላቲን አገሮች የመጡ ቤተሰቦች ናቸው፤ ኳስ ለእነሱ አዲስ ፋሽን ሳይሆን ከአባት የወረሱት ነገር ነው።

ስለዚህ ለተማሪዬ የጻፍኩለት ይሄንን ነው፦ «ማሊያ አትቁጠር። ሜሲ ጫማ ሲሰቅል ማን ስታዲየም እንደሚቀር ቆጥረህ ንገረኝ።»

ከጻፍኩ በኋላ ግን አፈርኩ። ሰውየው ለእኔም ቢመልስልኝስ? «ቲቸር፣ እናንተስ?» ቢለኝ?

እኛስ ታዲያ ኳስ እንወዳለን? «ኢትዮጵያዊ ኳስ ይወዳል» የማይል የለም። ታሪካችንም ትልቅ ነው። የአፍሪካ ዋንጫን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ ነን። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን ዋንጫውን ወስደናል። ከዚያ ወረድን፣ ወረድን፣ 31 ዓመት ሙሉ ከአፍሪካ ዋንጫ ጠፋን።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ተማሪ ነበርኩ። ሱዳን ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ረትታን መጥታለች። አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማ አንድ፣ ሳላዲን ሰኢድ አንድ፤ 2 ለ 0፣ አለፍን! ያን ቀን ሴቻ ውስጥ የማላውቃቸው እናት አቅፈውኛል። ባጃጅ ሁሉ ጥሩንባ ነበር። ሳንቲም የተወራረደ ሰው አላየሁም። ማንም በነፃ አለቀሰ፣ በነፃ ጨፈረ። ደቡብ አፍሪካ ሄደንም የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ ጋር በ10 ሰው 1 ለ 1 ስንወጣ ያሸነፍን ያህል ነው የተሰማን። ሽማግሌው ያን ቀን ቢጠይቁኝ ኖሮ መልስ ነበረኝ፤ «ሁሉም የእኛ ልጆች ናቸው» እላቸው ነበር።

አሁንስ? በሰኔ 2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን 2 ለ 0 አሸንፏል። ሳላህ ስላልነበረ ነው የሚል ይኖራል፤ ግብፅ ግን ግብፅ ናት። የት ነው ያሸነፍነው? ማላዊ። በሜዳችን! ደረጃውን የሚያሟላ ስታዲየም ስላልነበረን የቤታችንን ጨዋታ ሰው አገር ሄደን እንጫወት ነበር። ልጁን ጎረቤት ቤት እንደሚድር ሰው ሆነን ነበር። ታዲያ ያን ጨዋታ ስንቶቻችን አየነው? በማግስቱ ክፍል ገብቼ ስጠይቅ እጅ ያወጡት አራት ልጆች ናቸው። አርሰናል ስንተኛ እንደወጣ ብጠይቅ ግን ጣሪያው ይነሳ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. የአገራችን ፕሪሚየር ሊግ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምር በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ቀን አርባ ምንጭ ከተማ ሲጫወት ላየው ዲኤስቲቪ ቤት ገባሁ። ከእኔ ሌላ ሦስት ሰው አለ፤ አንዱ ተኝቷል። ባለቤቱ ይቅርታ ሳይጠይቅ ወደ እንግሊዝ ቀየረው፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አግዳሚው ሞላ። በሰውየው አልፈርድም፣ የመብራትና የደንበኝነት ክፍያ አለበት።

ማሊያም አያታልላችሁ። በእኛ አካባቢ ማሊያ ከሰልባጅ ጋር ይመጣል። ዱስ ውስጥ ጀርባው ላይ «ሩኒ» የተጻፈበት ማሊያ የሚለብስ ልጅ ነበር፤ ሩኒ ማነው ብለው የሱቁ ባለቤት መሰለው። የቱሪስት መኪና አቧራ ሲታይ ደግሞ ማሊያው ይወልቃል። ፈረንጅ የሚፈልገው ገላው በኖራ የተቀባ ካራ ነው፤ ማሊያ የለበሰን ልጅ ፎቶ የሚያነሳ የለም፣ ስለዚህም ብር የለም። መኪናው ሲሄድ ማሊያው ተመልሶ ይለበሳል። እና ልጁ የትኛውን ነው የሚወደው? ሁለቱም ልብስ ናቸው።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ።

ከዱስ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ከተማ ከመጡ ልጆች አንዱ በጣም ጎበዝ ነበር። ስሙን አልጠራም። ሒሳብ ላይ እኔን ያርመኝ ነበር፣ ሜዳ ላይ ደግሞ ግራ እግሩ መርዝ ነው። ቤተሰቦቹ ፍየል ሸጠው የቤት ኪራይ ይልኩለታል። ባለፈው ዓመት መቅረት ጀመረ። ሲመጣም ዓይኑ ቀልቶ ነው። አንድ ቀን አስቁሜ «ምን ሆነህ ነው?» ስለው «ቲቸር፣ የኖርዌይ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ላይ ኦቨር ይሻላል አንደር?» አለኝ። ኖርዌይ የት እንዳለች ካርታ ላይ ማሳየት አይችልም። የአንድ ተጫዋች ስም አያውቅም። ግን ሌሊት ስምንት ሰዓት ድረስ የሚከታተለው ኳስ እሱ ነው።

ቤቲንግ ቤት ሄዳችሁ ካያችሁ ስክሪኑ ፊት ሰው ሞልቷል። በቁጥር ብትሄዱ «የኳስ ተመልካች በዛ» ትላላችሁ። ጎል ሲገባ ግን ማንም ጎሉን አያይም፣ ሁሉም ትኬቱን ነው የሚያየው። ቋንቋው ራሱ ይናገራል፦ ሲያገኙ «በላሁ»፣ ሲያጡ «ተበላሁ»። አሜሪካም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለየግዛቱ የስፖርት ውርርድን በር ከከፈተ ወዲህ ይሄው ነገር በየስልኩ ገብቷል። እዚያም የተመልካች ቁጥር ሲጨምር ምን ያህሉ ትኬቱን እንደሚያይ መጠየቅ አለበት።

ልጁን ጥቁር ሰሌዳ ፊት አቁሜ አሰላሁለት። አሥር ጨዋታ ያለው ትኬት ቆርጠሃል እንበል። እያንዳንዱን የማግኘት ዕድልህ 70 በመቶ ነው እንበል፤ ይሄ በጣም ጥሩ ነው። 0.7ን በራሱ አሥር ጊዜ አባዛው። 0.028። ከ100 ትኬት ሦስት እንኳ አይሞላም። አንዷ ስትስት ሁሉም ይወድቃል። ልጁ ገባው፤ ከእኔ ቀድሞ ነው የገባው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «ቲቸር፣ እርስዎ ግን በልተዋል አይደል?» አለኝ።

ዝም አልኩ። እውነቱን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በ20 ብር ትኬት 1,700 ብር በልቼ፣ ክፍል ገብቼ ትኬቱን ከሸሚዝ ኪሴ አውጥቼ ያሳየሁት እኔ ነኝ። እየሳቅኩ። ከዚያ በኋላ የተበላሁትን ግን ለማንም አላሳየሁም። ሰው የበላበትን እንጂ የተበላበትን አያወራም። የመጀመሪያውን ትኬት ያ ልጅ ያየው በመምህሩ እጅ ነው።

ከዚያ ወዲህ አልቆረጥኩም። ልጁ ግን ትምህርቱን አቋርጧል። ስልኩ ተሸጧል መሰለኝ አይሠራም።

ባለፈው የእረፍት ጊዜ ዱስ ሄጄ ነበር። እዚያ ኳስ አንድ ጠላት አለው፣ የግራር እሾህ። ሁለተኛው ኦሞ ነው፤ ኳሱ ወደ ወንዙ ከወረደ አዞ ስላለ ማንም አይከተለውም፣ ጨዋታው በዚያው ያልቃል። ሁለት ኳስ ይዤ ሄድኩ። ልጆቹ በሁለት ተከፈሉ፣ ወንድም ሴትም። ግቡ ሁለት እንጨት ነው፣ ዳኛ የለም።

ከግቡ ኋላ ቦርኮቶ ላይ የተቀመጡ ሰው አየሁ። እኚያው ሽማግሌ ናቸው! በረኛዋ የልጅ ልጃቸው ናት ለካ። ኳስ ባዳነች ቁጥር ይነሳሉ፣ ሲገባባት ደግሞ በመቺው ላይ ይጮኻሉ። ሕጉን አያውቁትም፤ አንድ ጊዜ ሜዳው መሃል ገብተው ሊከራከሩ ነበር። ፀሐይ እስክትጠልቅ አልተነሱም።

ጠጋ ብዬ በተማሪ አስተርጓሚነት «ዛሬስ ማን ሞቶብዎት ነው?» አልኳቸው። አላስታወሱትም። «ዝም በል፣ እየመጡ ነው» አሉኝ።

ኳስ ይወዳሉ የሚባለው እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው ብዬ አመንኩ። ሜሲን መውደድ ስህተት ነው እያልኩ አይደለም፣ እኔም እወደዋለሁ፤ የቅዳሜውን ጨዋታም አልተውም። ግን የጂንካ ከተማ ክለብ ሲጫወት ሜዳው ዳር ቆመን የማናውቅ ሰዎች «እኛ ኳስ ወዳድ ሕዝብ ነን» ስንል ትንሽ ማፈር አለብን። አሜሪካኖቹን ለመመዘን ደግሞ ገና ነን።

አሜሪካ ላለኸው ተማሪዬ፦ መልሴ ይሄው ነው። እሑድ ሰፈርህ ያለ ሜዳ ሂድና ዳር የቆሙትን እይ፤ ከማሊያው ይልቅ እነሱ ይነግሩሃል።

ለሌላኛው ደግሞ፣ ይሄን በሰው ስልክም ቢሆን ካነበብከው፦ አልተቆጣሁህም። መቆጣት ያለብህ አንተ ነህ። መመዝገቢያው እስኪዘጋ ቦታህ አለ፣ ግራ ክንፍም ያለ ሰው ነው የምንጫወተው።

በመጨረሻም፣ ከጂንካ ወደ ዱስ መኪና የሚሄድለት ሰው ካለ የኳስ መንፊያ ፓምፕ ይዞልኝ ይሂድ። አንዱን ኳስ እሾህ በልቶታል፤ ሁለተኛውም ማፏጨት ጀምሯል።