የእንግዳ ጎጆ

ላሊበላን የተሳለመ ሁሉ መቄትን አይቷል ማለት አይደለም። ከዐለት ተፈልፍለው ከታነጹት 11 አብያተ ክርስቲያናት በስተደቡብ፣ በገደሉ አፋፍ ላይ፣ ገበሬዎች በማኅበር ሆነው ጎጆ እየቀለሱ እንግዳ መቀበል የጀመሩት በ1990ዎቹ አጋማሽ ነበር። እንግዳው ከመንደር መንደር በእግሩ ይጓዛል፤ ጓዙን አህያ ይሸከምለታል፤ ጭላዳ ዝንጀሮ ሣር ሲግጥ አይቶ፣ የገብስ ቆሎ ቆርጥሞ ያድራል። ከክፍያውም የማኅበሩ ድርሻ ወደ ጋራ ሣጥን ይገባል።

በመጋቢት 2012 ወረርሽኙ መንገደኛውን አስቀረ። በ2013 ክረምት ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ወደ ወሎ ዘለቀ። እኔ ወደዚያ የተመለስሁት ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ፣ በጥር 2015 ነው። ቀድሞ ካደርሁባቸው ጎጆዎች የአንደኛው ጣሪያ ሰምጧል፤ የሌላው በር ተነቅሏል። ብርድ ልብስ የሚባል አልቀረም። የጥፋቱን ሒሳብ በመዝገቤ ስደምር፣ ገንዘብ ያዡ አዛውንት ሣጥኑም ባዶ መሆኑን ነገሩኝ።

«ተዘረፈ?» አልሁ።

«የለም፤ እህል ገዛንበት። ለአራሱና ለአቅመ ደካማው አከፋፈልነው።»

ለካ እንግዳ ያመጣው ገንዘብ፣ እንግዳ በጠፋበት ዘመን ሥራውን ሲሠራ ኖሯል! ከኪሣራው ጋር ልጽፈው ምንም አልቀረኝም ነበር።

በማግሥቱ በስብሰባቸው ተገኘሁ። በአንዲት ጎጆ ለመጀመር ሁሉም ተስማማ። (ጣሪያው ቆርቆሮ ይሁን ያለ ጎልማሳ አልጠፋም፤ በዚያ ብርድ ከቆርቆሮ ሥር ላደረ ሰው ግን ነገሩ አያከራክርም።) ጭቅጭቁ የመጣው በገቢው ነው። ሽማግሌዎቹ የመጀመሪያው ዓመት ገቢ በሙሉ ሣጥኑን ይሙላ አሉ። እኔም ሐሳባቸውን ደግፌ ስለ ዘላቂነት ጥቂት ተናገርሁ። ያን ጊዜ ለእንግዶች ምግብ የሚያዘጋጁት እናት ተነሡ።

«ልጄ፣ አንተ ነገ ትሄዳለህ። ሣጥኑ እስኪሞላ የእኔ ማጀት በምን ይሙላ? ካልተከፈለኝ ከዚህ አፋፍ እንጨት ቆርጬ መሸጤ ነው። ያን ጊዜ እንግዳው ምን ሊያይ ይመጣል?»

መልስ አልነበረኝም፤ ተቀመጥሁ። ብዙ ከተባለ በኋላ የሠራ ሁሉ በዕለቱ እንዲከፈለው፣ የተረፈው ወደ ሣጥኑ እንዲገባ ተወሰነ።

በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ፤ የጎብኚው እግርም እንደገና ታጠፈ። ጎጆዋ እስከዚያ ሁለት ጊዜ እንግዳ አሳድራ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ የእናት ድካም በዕለቱ እንደ ተከፈለ ሰምቻለሁ።