ከበር ውጭ የቆምን ምስክሮች

እኛ የመርሳ ልጆች ነን። መርሳ ከወልድያ በስተደቡብ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የሐብሩ ወረዳ ከተማ ናት። የምንጽፈው ግን የሚያስመሰግነን ነገር አይደለም።

የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን አንድ ጓደኛችን በትምህርት ሰዓት ወደቀ። ሰውነቱ ተንዘፈዘፈ፤ ዐረፋም ደፈቀ። አንዱ ክብሪት ጭሮ ጢሱን አሸተተው፤ የቀረነው ለሐጩ ነክቶን በሽታው እንዳይጋባብን ፈርተን ከበር ውጭ ቆምን። ከዚያ ወዲያ ከእርሱ ጋር በአንድ ወንበር የሚቀመጥ ጠፋ፤ ዓመቱም ሳያልቅ ትምህርቱን ተወ።

ዘንድሮ አንዲት ዘመዳችን ይኸው ሕመም ስለ ያዛት ከእናቷ ጋር ወደ አንድ የአዲስ አበባ ሐኪም ቤት ወሰድናት። «የአንጎሏ ኤሌክትሪክ ይመዘገባል» ቢሉን ደነገጥን፤ ኤሌክትሪክ የሚሰዱባት መስሎን ነበርና። ባለሙያው ግን ጠጕሯን እየከፈለ ትንንሽ ብረቶችን በቅባት ለጠፈና፣ «ማሽኑ ይሰማል እንጂ አይናገርም» አለን። በእውነትም የአንጎል ኃይል በቮልት ሚሊዮንኛ ክፍልፋይ የሚለካ ስለ ሆነ፣ ማሽኑ አጕልቶ በመስመር ያሳየዋል። ዓይኗን ስትጨፍን በሰከንድ ዐሥር ጊዜ ያህል የሚመላለስ ሞገድ ታየ።

ይህን ሞገድ ከሰው ራስ ላይ በመጀመሪያ የመዘገበው ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ ቤርገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1924 መዝግቦ በ1929 አሳተመ። በ1968 ደግሞ ዴቪድ ኮኸን የተባለ የፊዚክስ ሊቅ የአንጎልን መግነጢስ ለካ። በአገራችንም ዶክተር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ያጠኑት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 ሲታተም፣ ከአንድ ሺህ ሰው አምስቱ ያህል የሚጥል በሽታ እንዳለበት አሳይቷል። እንግዲያስ በትምህርት ቤታችን ሌሎችም ሳይኖሩ አይቀሩም፤ የጓደኛችንን ዕጣ አይተው ዝም ብለው ይሆናል።

ሐኪሙ መስመሮቹን ካየ በኋላ፣ «ምዝገባው ደኅና ቢመስልም ሕመሙ የለም ማለት አይደለም፤ ስትወድቅ አጠገቧ የነበረ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። እናቷ የትኛው እጇ ቀድሞ እንደ ተንቀጠቀጠ፣ ምን ያህልም እንደ ቆየ አንድ በአንድ ተናገሩ። እኛም አንገታችንን ደፋን። ያን ጊዜ ስለ ጓደኛችን ብንጠየቅ ኖሮ፣ ከበር ውጭ የቆመ ምን ይመሰክራል?

ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም፤ ለብዙዎችም መድኃኒት አለው። ክረምት ሲገባ ወደ መርሳ ወርደን ጓደኛችንን እንፈልገዋለን። ይቅርታ ከመጠየቅ በፊት ግን የምንማረው አለን፤ የወደቀን ሰው በጎኑ ማስተኛት፣ በአፉ ምንም አለመክተት፣ እስኪነቃም ድረስ ከአጠገቡ አለመራቅ።