የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ የዘገየስ?

ቅዳሜ ማታ ነው። የኮምፒውተር ሥራውን የምይዝለት አንድ አነስተኛ ክሊኒክ ውስጥ ሰርቨሩ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ታካሚ የለም፤ ዝናቡም አባርቷል። ሰርቨሩ የሚሠራው በሊኑክስ ነው፤ በዴቢያን 12። ዴቢያን 13 እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 2025 ወጥቷል። አንድ ሁለት ትእዛዝ ጽፌ ወደ አዲሱ ማሻገር እችላለሁ፤ ዛሬ ግን አላደርገውም። ምክንያቱን ልጻፈው፤ ይህን ሙያ ለያዛችሁ ታናናሾቼ ይጠቅም ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ዴቢያን 10 እንደወጣ ብዙም ሳልቆይ ይህንኑ ክሊኒክ በአንድ ሌሊት አሻገርኩት። ዳታቤዙን አልነካሁትም፤ የዳታቤዙ ፕሮግራም፣ የድሮው ፖስትግሬስ፣ ከነመረጃው እንዳለ ቀረ። ጠዋት ሁሉም ነገር ተነሣ። አንድም የስህተት መልእክት አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት ካርድ ክፍል የምትሠራዋ ልጅ ጠራችኝ። «ሴቦ፣ ይቺ እናት ካርድ አላት፤ ኮምፒውተሩ ግን አያውቃትም።» ቁጥሩን ስታስገባ «የለም» ስላላት እንደ አዲስ መዝግባታለች። የድሮው ፋይል ላይ ፔኒሲሊን እንደማይስማማት ተጽፏል፤ አዲሱ ፋይል ባዶ ነው። ሴትዮዋ ራሷ ለነርሷ ባትናገር ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

ጥፋቱ የተደበቀው ጂሊብሲ ውስጥ ነበር። ጂሊብሲ በሊኑክስ ላይ ያለ ፕሮግራም ሁሉ ማለት ይቻላል የሚደገፍበት ምሰሶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው እትም 2.28 የፊደልና የምልክት አደራደርን በሰፊው ቀየረ፤ ዴቢያን 10 የያዘው ያንን ነበር። ለምሳሌ በእንግሊዝኛው አደራደር ቀድሞ 11 ከ1-1 በፊት ይመጣ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ 1-1 ይቀድማል። የኛ የካርድ ቁጥሮች ደግሞ መሐላቸው ሰረዝ አለ።

የኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ገልጦ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። መጽሐፉ የተደረደረው በአበገደ ነው። በሀለሐመ ተራ የምትፈልግ ከሆነ ቃሉ መጽሐፉ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ «የለም» ብለህ ትዘጋዋለህ። የኛም ዳታቤዝ ኢንዴክሱ በድሮው ተራ ተሠርቶ ሳለ በአዲሱ ተራ ይፈልግ ነበር። ሰውየው አለ፤ ኮምፒውተሩ ግን በማይገኝበት ቦታ ይፈልገዋል። ካርድ ቁጥር አይደገምም የሚለው ጥበቃም በዚያው ኢንዴክስ ላይ የቆመ ስለነበር፣ አንዱ ታካሚ ሁለቴ ሲመዘገብ ዝም አለ።

ኢንዴክሱን እንደገና መሥራት የአንድ ትእዛዝ ጉዳይ ነው። የተደጋገመውን ፋይል ግን ትእዛዝ አይለየውም። እኔና ልጅቷ ማታ ማታ እየተቀመጥን፣ ካርድ በካርድ፣ የወረቀቱን ማህደር ከስክሪኑ ጋር እያመሳከርን አንድ አደረግነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል የሰማሁት በልጅነቴ ነው፤ የገባኝ ግን ያኔ ነው።

ታዲያ ትምህርቱ «አትንኩ» ነው? አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚልም ብሂል አለን። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2015 «ጎስት» የተባለው የጂሊብሲ ቀዳዳ ይፋ ሲሆን ስህተቱ በ2013 ታርሞ ነበር። እርማቱ የደኅንነት ጉዳይ መሆኑን ግን ያወቀ አልነበረም። ስለዚህ ረግተን እንቆይ ያሉት ስርዓቶች፣ ዴቢያን 7ን ጨምሮ፣ ቀዳዳውን ታቅፈው ቆዩ። በማርች 2024 ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። የፖስትግሬስ ገንቢው አንድሬስ ፍሮይንድ የኤስኤስኤች መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል ቢዘገይበት ምክንያቱን ሲፈልግ፣ ኤክስዜድ በተባለው የፋይል መጭመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር አገኘ። ያኔ የተያዙት አዲስ አዲሱን ቶሎ የሚጭኑት ነበሩ፤ ወደ ረጋው ዴቢያን አልደረሰም።

ሁለቱም ብሂሎች እውነት ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱ ቀን አለው። ቀኑን የሚነግረን የፓኬጁ አዲስነት ሳይሆን በላዩ የተደገፈው ሰው ነው። ስለዚህ ሁለቱን ሥራ ለይቼ ይዣለሁ። ለረጋው ስርዓት የሚመጣውን የደኅንነት እርማት ባክአፑን አይቼ በዚያው ሌሊት እጭናለሁ፤ ያ ቅጠሉ ነው። ምሰሶውን መቀየር ግን ሌላ ነው። ከዴቢያን 12 ወደ 13 ሲኬድ ጂሊብሲ ከ2.36 ወደ 2.41 ይሻገራል። ዴቢያኖች ራሳቸው 13ን ሲያዘጋጁ እንዲህ ያለውን መሠረት መለወጥ ያቆሙት ማርች 15 ላይ ነው፤ ልቀቱ አምስት ወር ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው። ሠሪዎቹ ይህን ያህል ከታገሡ እኔ ሁለት ሳምንት ብታገሥ ምን አለበት? ማዘግየቱም ግን ገደብ አለው፤ የ12 መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ ከወጣ በሦስት ዓመቱ ያበቃል።

አሁን ጠረጴዛው ላይ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አለ። የሰርቨሩን ቅጂ ጭኜበታለሁ፤ ዛሬ ማታ የማሻግረው እሱን ነው። ኢንዴክሶቹን ሁሉ እንደገና እሠራለሁ፤ የመዝገቦቹን ብዛት ከበፊቱ ጋር አመሳክራለሁ። ሰኞ ጠዋት ካርድ ክፍል የምትሠራዋ ልጅ ወንበሩን ስባ ትቀመጥና ሰረዝ ያለባቸውን ካርዶች ከማህደሩ እያወጣች ቁጥራቸውን አንድ በአንድ ታስገባለች። የዚያችን እናት ካርድ መጀመሪያ እንድታስገባ ጠይቄያታለሁ። «አለች» ስትለኝ፣ ያኔ ቀኑን እንቆርጣለን።