ዕቃውን ወይስ ወሬውን?

ፔንሲልቫኒያ፣ ጌቲስበርግ የሄደ ሰው የድሮ ወታደር ዕቃ የሚሸጡትን ሱቆች ሳያይ አይመለስም። እኔን የሚስበኝ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ (እ.ኤ.አ. 1861–1865) የሰሜኑ እግረኛ የታጠቀው፣ «ዩ ኤስ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሞላላ የቀበቶ ዘለበት ነው። ሰብሳቢዎች ለጀማሪ የሚሰጡት የመጀመሪያ ምክር «ዕቃውን ግዛ፣ ወሬውን አትግዛ» የሚል ነው። አገር ቤት ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ ጎራዴ ወይም ኒሻን ስንገዛ ቀድሞ የሚመጣው ታሪኩ ነው፤ «የዓድዋ ዘማች ነበር» ከተባለ በኋላ ዕቃውን ገልብጦ የሚያይ ጥቂት ነው።

ዘለበቱን ግን መገልበጥ ግድ ነው። የአስመሳይ ልፋት ሁሉ ፊቱ ላይ ስለሚያልቅ ጀርባው ያጋልጠዋል። የእውነተኛው ፊት በማተሚያ የተመታ ስስ ነሐስ ነው፤ ጀርባው በእርሳስ ተሞልቶ መንጠቆዎቹ እርሳሱ ውስጥ ተቀብረዋል። ከፊት እስከ ጀርባ ወጥ ነሐስ ከሆነ ተጠራጠሩ። በመንጠቆ ፈንታ የሽቦ ቀለበት ካለው ደግሞ፣ ዕቃው እውነተኛ ቢሆን እንኳ የጥይት ኮሮጆ ጌጥ እንጂ የቀበቶ ዘለበት አይደለም።

ከዋናው ላይ ሻጋታ ተወስዶ የተሠራ ፎርጅድ በልኩ ይታወቃል። የቀለጠ ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ቅጂው ከዋናው በጥቂቱ ያንሳል። በማጉያ መነጽር ሲታይ የፊደሎቹ ጠርዝ ደብዝዞ፣ ገጹ በአየር አረፋ ተበሳስቶ ይገኛል። በአሲድ የመጣ «እርጅና» ሁሉም ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ነው፤ የዘመን ጥቁረት ግን እጅና ልብስ ከሚነካው ቦታ ተፍቆ ጥጋጥጉ ውስጥ ይቀራል። የደቡቡ ጦር ዘለበት ብርቅና ውድ ስለሆነ በብዛት የሚኮረጀው እሱ ነው።

መጽሐፍም ይፈበረካል። በታዋቂው የአሜሪካ ጌጣጌጥ ቤት በቲፋኒ ስም እንግሊዝ ውስጥ ለተሠሩ ሐሰተኛ ዘለበቶች ምስክር እንዲሆን ብቻ፣ የ1950 እ.ኤ.አ. ነው የተባለ መጽሐፍ ተዘጋጅቶ ብዙ ሰው አሳስቷል።

አያቶቻችን ግን በወሬ ብቻ ይገዙ ነበር ማለት አይደለም። የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ብር ሲቀበሉ ድምፁን ያዳምጡ፣ የንግሥቲቱን ጌጥ ዕንቁዎች ይቆጥሩ ነበር። የሚለየው ጥያቄያቸው ነው። ጠገራው ሁሉ 1780 ይላል፤ ሮም እ.ኤ.አ. ከ1935፣ ለንደን ከ1936 ጀምሮ የመቱትም ጭምር። 28 ግራም ገደማ ከመዘነና ከሺህ 833 እጁ ብር ከሆነ ለገበያችን እውነተኛ ነበር፤ መቼ ተመታ ብሎ የሚሟገት አልነበረም። ዘለበት ሰብሳቢ ግን በጥንቱ ማተሚያ ዛሬ የተመታውን እንኳ አይቀበልም፤ የሚገዛው 1863ን ነውና።

ስለዚህ ቤታችሁ የክብር ዘበኛ ቀበቶ ወይም የኮሪያ ዘማች ኒሻን ካለ ሁለት ነገር ልለምናችሁ። አንደኛ፣ በአመድና በሎሚ አትፈትጉት፤ ያ ጥቁረት የዕድሜው ምስክር ነው። ሁለተኛ፣ አያታችሁ ታጥቀውት የተነሡትን ፎቶ፣ የአገልግሎት ወረቀታቸውን፣ ማን ከማን እንደወረሰው የሚገልጽ የተፈረመበት ጽሑፍ አብራችሁ አስቀምጡ። ሰብሳቢ የሚንቀው ማስረጃ የሌለውን ወሬ ነው። ፎቶና ፊርማ ያለው ታሪክ ሲያገኝ ግን እሱም እንደ ቸርችል ጎዳና ገዢ ለታሪኩ ይከፍላል፤ ያውም ጨምሮ።